ለቅሶ ላይ የመጣውን በደብተር መመዝገብ ነውር ነው?

ጥያቄ፦ «እናታችን ባለፈው ዓመት ስታርፍ ታላቅ እህቴ ማን ምን እንዳመጣ በደብተር ስትጽፍ አገኘኋት። ማን እንጀራ፣ ማን ወጥ፣ ማን ስንት ብር፣ ማን ስንት ሌሊት አብሮን እንዳደረ ሳይቀር ጽፋለች። በጣም አፈርኩ። ፍቅር በደብተር ይያዛል ወይ ብዬ ተጣላኋት። እሷ ደግሞ ‹ብድር ነው፤ ካልመለስን ሰው አይደለንም› አለችኝ። አሁን በዚያ ደብተር ላይ ትልቁን ገንዘብ የሰጡን ጎረቤታችን ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ሥራ ከለቀቅኩ ወዲህ የዚያን ግማሽ እንኳ አላገኝም። ባዶ እጄን ከምሄድ ብቀር ይሻላል እያልኩ ነው። ለመሆኑ ውለታ እንዲህ የሚቆጠር ከሆነ ከንግድ በምን ይለያል?»

ምላሽ፦

ነፍስ ይማር። እናት ማጣት ዓመት ቢሞላውም ትኩስ ነውና ለሁላችሁም መጽናናቱን ይስጣችሁ።

ቶሎ መወሰን ያለብዎን ነገር ላስቀድም፤ ከሠርጉ አይቅሩ። እንዴት እንደሚሄዱ ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ለእህትዎ ጥብቅና መቆም እፈልጋለሁ። ሥራዬ የማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ጥናት ነው፤ ሰዎች ምን እንደሚሰጣጡ፣ ለማን እንደሚሰጡና መቼ እንደሚመልሱ ማየት የዕለት ተዕለት ተግባሬ ነው። እርስዎን ያሳፈረዎት ደብተር በብዙ አገር፣ እርስ በርሳቸው በቅጡ በሚዋደዱ ሰዎች ቤት የሚገኝ ደብተር ነው።

ጃፓንን ልጥቀስ። እዚያ ለቀስተኛ «ኮደን» የሚባለውን ገንዘብ ለሐዘን በተዘጋጀ ልዩ ፖስታ ውስጥ አድርጎ ይዞ ይሄዳል። መግቢያው ላይ የተቀመጡ ሰዎች ፖስታውን ተቀብለው ስሙንና መጠኑን ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጀ መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። በሰው ፊት፣ በግልጽ፣ ማንም ሳይሸማቀቅ። የሐዘኑ ጊዜ ሲያበቃ፣ ብዙውን ጊዜ ከ49ኛው ቀን በኋላ፣ ቤተሰቡ የተቀበለውን ግማሽ ወይም ሲሶ ያህል የሚያወጣ ስጦታ ለእያንዳንዱ ሰው ይልካል። ለምን ሙሉውን አይልክም? የቀረው የሚመለሰው ሰጪው ራሱ ሐዘን ሲገጥመው ስለሆነ ነው። ግማሹን መልሶ ግማሹን ማቆየት «አልረሳንህም፣ ገናም አንለያይም» ማለት ነው። በቻይና ገጠሮችም የሠርግና የለቅሶ ስጦታ ዝርዝር ተጽፎ ለዓመታት ይቀመጣል፤ በቀጣዩ ድግስ ማን ለማን ምን ይዞ እንደሚሄድ የሚታወቀው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ ንግዱ ጥያቄ ልምጣ። ከሱቅ ስኳር ሲገዙ ሒሳቡን ከፍለው ሲወጡ ከባለሱቁ ጋር ያላችሁ ነገር አለቀ። ነገ ሌላ ሱቅ ቢሄዱ ከዳተኛ የሚልዎ የለም። የገበያ ጥቅሙም እዚሁ ላይ ነው፤ ከማይወዱት ሰው ጋር እንኳ ተገበያይቶ በሰላም መለያየት ያስችላል። የጎረቤት መሰጣጣት ግን እንዳያልቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። ጎረቤት በሰሃን ድፎ ዳቦ ብትልክልዎ ሰሃኑን ባዶውን አይመልሱም። ሆኖም ያኔውኑ ሮጠው ከዳቦ ቤት እኩል ዳቦ ገዝተው በዚያው ሰሃን ቢመልሱላት ትቀየማለች። «ያንቺ ነገር እኔ ቤት እንዲያድር አልፈልግም» እንዳሏት ይሰማታል። ጥቂት ቀን ያልፋል፣ በዓል ይመጣል፣ ሰሃኑ ሌላ ነገር ይዞ ይመለሳል። በመሃል ያለው ጊዜ መተማመኑ የሚያድርበት ጊዜ ነው። ማርሴል ሞስ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው ጥናት ከፓሲፊክ ደሴቶች እስከ ሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ያለውን የስጦታ ልማድ አነጻጽሮ፣ በየቦታው ሦስት ግዴታዎች አብረው እንደሚሄዱ አሳየ፤ መስጠት፣ መቀበልና መመለስ። ብዙዎቻችን የምንጨነቀው በሦስተኛው ነው። እሱ ግን አለመቀበልንም እንደ ጥል ቆጥሮታል። እርስዎ ከሠርጉ ቢቀሩ ጎረቤትዎ የሚያዩት የመመለስ እጥረት አይመስለኝም። የጋበዙት ሰው ግብዣቸውን እንዳልተቀበለ ነው የሚያዩት፤ ይህ ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ ይከብዳል።

መቁጠር መዋደድን ያጠፋል የሚለው ፍርሃትዎ ከሌላ አቅጣጫም ይታይ። በገጠራችን ካሉት የመረዳጃ መንገዶች ሁሉ አጥብቆ የሚቆጠረው ወንፈል ነው። ዛሬ እኔ ማሳ ላይ አንድ ቀን ካረሙልኝ፣ እኔም አንድ ቀን እርስዎ ማሳ ላይ አርማለሁ። ጉልበቱ የጠና ጎልማሳ ልከውልኝ እኔ ልጅ እግር ብልክ ይታወቃል፤ ይወራልም። መቀናጆም እንዲሁ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው በተራ ያርሳሉ። ዝናብ አይጠብቅምና የማን መሬት አስቀድሞ ይታረስ የሚለው የእህል ጉዳይ ነው፣ የልጆች ጉሮሮ ጉዳይ ነው። እንዲህ ተቆጣጥረው የሚኖሩት ሰዎች ታዲያ በአገሩ የሚቀራረቡት እነሱው ናቸው። ልጆቻቸውን ክርስትና ይነሳሳሉ፣ አበልጅ ይሆናሉ፣ አንዱ ሲታመም የሌላው ልጅ ከብቱን ይጠብቃል። ቆጠራው የሚያስችላቸው አንዱ ሌላውን እያማ እንዳይኖር ነው። ያልተቆጠረ ነገር ተረሳ ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ በልቡ ለብቻው ይቆጥረዋል፣ የሁለቱም ቁጥር ደግሞ አይገጥምም።

እዚያው መንደር ውስጥ ግን ሌላም መንገድ አለ። ደቦ የሚጠራ ሰው ምግቡንና ጠላውን አሰናድቶ አገሩን ይጠራል፤ የመጣው ሁሉ እየዘፈነ አጭዶ ወይም ወቅቶለት ይሄዳል። የቀን ለቀን ሒሳብ እንደ ወንፈል ጥብቅ አይደለም። ባሏ የሞተባት፣ ያረጀ፣ የታመመ ሰው አዝመራ ሲደርስ ጎረቤት ይወጣለታል፤ በምላሹ ማረም እንደማይችል ማንም አይጠፋውም። እንግዲህ አንዱ ማኅበረሰብ ሁለት ዓይነት አሠራር ጎን ለጎን ይዞ ይኖራል፤ እኩል ለሚችሉ ሰዎች የሚቆጠር፣ ለማይችል ሰው የማይቆጠር። ችግር የሚፈጠረው ሁለቱ ሲምታቱ ነው። ከማይችል ሰው እንደ ወንፈል እኩያ መጠበቅ ጭካኔ ነው። ጤነኛና ባለአቅም ሆኖ ዘወትር እንደ ድኩም መረዳት ደግሞ ሰውን ያሰለቻል።

አልቪን ጉልድነር የተባለው አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው ጽሑፍ ይህን በደንብ አስቀምጦታል። የረዳህን እርዳ፣ የረዳህን አትጉዳ የሚለው ሕግ በሁሉም ኅብረተሰብ ዘንድ ያለ ነው ካለ በኋላ፣ በልጆች፣ በአዛውንትና በሕሙማን ላይ በሙሉ ኃይሉ ሊሠራ እንደማይችል አስረዳ። ይበልጥ የምወደው ግን ስለ ውለታ ክብደት ያለው ነው። የአንድ እርዳታ ዋጋ በተቀባዩ ችግር ጥልቀት፣ በሰጪው አቅም፣ በሰጪው ሐሳብና ሰጪው ተገድዶ ወይስ በገዛ ፈቃዱ በመስጠቱ ይለያያል ይላል። ይህን ወደ እናትዎ ለቅሶ ቤት ይውሰዱት። ደህና ገቢ ያላቸው ጎረቤት ያመጡት ትልቅ ብርና በጡረታ የምትኖር ሴትዮ በትንሽ ድስት ያመጣችው ንፍሮ በገንዘብ ተራራና ጉብታ ናቸው። በውለታ ግን የትኛው እንደሚበልጥ እርግጠኛ ነዎት? ያን ንፍሮ ለማፍላት ከሰል ስንት እንደገባት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

አሁን የእህትዎን ደብተር አንድ ጊዜ በእርጋታ እንዲያስቡት እለምንዎታለሁ። «ማን ስንት ሌሊት አብሮን እንዳደረ» ብለው ጽፈዋል። ሒሳብ የሚይዝ ነጋዴ ሌሊት አይጽፍም። እህትዎ የጻፉት በአስጨናቂው ሳምንት ማን ከጎናችሁ እንደነበረ ነው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ፊት አይለይም፤ ማን ገባ ማን ወጣ ሳያውቅ ነው ቀኑ የሚመሸው። ከወራት በኋላ መንገድ ላይ የምታገኝዎት ሴት እዝን ይዛ መጥታ ሦስት ቀን ዕቃ ስታጥብላችሁ ከርማ ከሆነ፣ እርስዎም እንደማያውቋት ቢያልፉ፣ ያኔ የሚደርሰው ማፈር ከደብተሩ ማፈር እጅግ ይበልጣል። እህትዎ ከዚያ ነው ያዳኗችሁ። ምናልባት እሳቸውም እያለቀሱ ነው የጻፉት።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ሳልል ባልፍ ቅር ይለኛል። ያ ሁሉ ሰው ወደ ቤታችሁ የመጣው ለእናንተ ብቻ አይደለም። እናትዎ በሕይወት ሳሉ ስንት ለቅሶ ደርሰዋል፣ ስንት አራስ ጠይቀዋል፣ ስንት ሠርግ ቤት እንጀራ ጋግረው አድረዋል? ከደብተሩ ስሞች ብዙዎቹ እናትዎ በየቤቱ ያስቀመጡትን ሊመልሱ የመጡ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ደብተሩን እንደ ዕዳ ዝርዝር ብቻ ማንበብ ስሕተት ነው። ግማሹ የእናትዎ ሥራ ነው፤ እናንተ የወረሳችሁት ግንኙነት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከሟች ወደ ልጅ መተላለፉ በየሕዝቡ ያለ ልማድ ነው። ልጆች ቤትና መሬት ብቻ አይወርሱም፤ ማን ጋ በር አንኳኩቶ መግባት እንደሚቻልም ይወርሳሉ።

ይህን ስል ቆጠራ ሁልጊዜ ደግ ነው ማለቴ አይደለም፤ የሚመርበትን ቦታ በቅርብ አይቻለሁ። ከፍቶ ያየሁት ሊመለስ የማይችል ውለታ ሰው ላይ ሲጫን ነው። «እኔ ባላሳድግህ የት ትደርስ ነበር» እየተባለ የሚኖር ልጅ፣ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ጅዳ ለመሄጃ ብር የተበደረላት ዘመድ በየወሩ ከደመወዟ ሲወስድባት የምትኖር እህት። እሷ ዕዳዋን ከከፈለች ዓመታት አልፈውም «ውለታ ቢስ» ላለመባል ትልካለች። ይህ መደጋገፍ አይደለም። መደጋገፍ ሁለቱም ወገን በየተራ ሰጪም ተቀባይም የሚሆንበት ነው። አንዱ ለዘላለም ሰጪ፣ ሌላው ለዘላለም ባለዕዳ ሆኖ ከቀረ ስሙ ጌታና ሎሌ ነው፤ እንዲህ ካለው ውስጥ መውጣት ደግሞ ክህደት አይደለም።

በዚህ ረገድ የእድርን ጥበብ የሚገባውን ያህል አናደንቅም። አዲስ አበባ ላይ እድር እየተስፋፋ የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው ዘመድ በሌለበት ከተማ ጎን ለጎን መኖር ሲጀምር ነው። ዘመድ የሚያደርገውን ዘመድ ያልሆነ ሰው እንዲያደርገው ደንብ ተጻፈ። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ተመረጠ። ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ድስት ተገዛ። ከሁሉ የሚደንቀኝ እኩልነቱ ነው። ባለ ፎቁም፣ ሊስትሮውም የወር መዋጮው አንድ ነው፤ ሲሞትበትም የሚተከልለት ድንኳን ያው ነው። ድሃው ለማንም ጎንበስ አይልም፤ መብቱን ነው የሚያገኘው። ሁሉም ነገር በጽሑፍ ስለተቆጠረ ብቻ ማንም በማንም ላይ ውለታ አልዋለም። ቆጠራ ክብርን እንደሚጠብቅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም። በመጻፉም ምክንያት ከአገር ሊወጣ ቻለ። በአሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሰው ሲያርፍባቸው አስከሬን ወደ አገር ለመላክ የሚረዳዱባቸው እድሮች አሏቸው። በእስራኤልም የቤተ እስራኤል ሴቶች እቁባቸውን ይዘው ቀጥለዋል።

እድርም ቢሆን የራሱ አደጋ አለበት፤ ቅጣቱ። ቀብር ላይ ስም ሲጠራ ያልተገኘ ይቀጣል። በሃይፋ ከተማ በ10 የሕፃናት መዋያዎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት አለ። ወላጆች ልጆቻቸውን ለመውሰድ ዘግይተው ሲመጡ አስተማሪዎቹ ይቸገሩ ነበር፤ ስለዚህ በአንዳንዶቹ መዋያዎች በዘገየ ወላጅ ላይ የገንዘብ ቅጣት ተጣለ። የሚዘገዩት ይቀንሳሉ ሲባል እጥፍ ያህል ሆኑ። ቀድሞ አስተማሪዋን ላለማስቸገር ይሮጡ የነበሩ ወላጆች አሁን የከፈሉበት አገልግሎት መሰላቸው። ቅጣቱ ሲነሳም ልማዱ ወደ ነበረበት አልተመለሰም። በኛም ከተማ «ቅጣቱን ከፍዬ ልቅር» ማለት እየተለመደ ነው፤ ይህ ያሳስበኛል። ቅጣት ከፍሎ የቀረ ሰው ሒሳቡን ዘግቷል፤ ለቅሶ ግን አልደረሰም።

እንግዲህ ጥያቄዎን እንደዚህ እመልሳለሁ። ጉዳዩ መቆጠሩ ላይ አይደለም፤ ምን ይቆጠራል የሚለው ላይ ነው። እርስዎ ከደብተሩ ያነበቡት አንድ ዓምድ ብቻ ነው፤ ብሩን። ስለዚህ የመመለሻው መንገድም አንድ ብቻ መሰለዎትና ግማሹንም ስለማያገኙ መቅረት አሰኘዎት። ብር ደግሞ ከሁሉ የማይመች መለኪያ ነው። የዛሬ አምስትና ስድስት ዓመት የተሰጠ 1,000 ብር ዛሬ በስንት ይመለስ ተብሎ ዘመድ ከዘመድ ሲኮራረፍ አይቻለሁ። ሦስት ሌሊት አብሮ ማደር ግን ያኔም ዛሬም ሦስት ሌሊት ነው።

ስለ ሠርጉ ይኸው ምክሬ። ለዚህ ብለው አይበደሩ፤ በብድር የተሰጠ ስጦታ ሁለት ቤት ያጨናንቃል። ሥራ ስለለቀቁ ከሌሎች እንግዶች በተለየ ያለዎት ነገር ጊዜ ነው። ከሠርጉ ቀን አስቀድመው፣ ድግሱ መጠመቅ ሲጀምር ይሂዱ። ጌሾ ይወቀጣል፣ ሽንኩርት በጆንያ ይከተፋል፣ በርበሬ ይዘጋጃል፣ እንጀራ ይጋገራል፣ ኋላም የሚታጠበው ዕቃ ማለቂያ የለውም። ደጋሽ ሴት በዚያ ሳምንት የምትፈልገው ፖስታ አይደለም፤ ሳይነግሯት ገብቶ ወገቡን የሚያስር ሰው ነው። ለጎረቤትዎም ነገሩን አይሰውሩ። ብቻቸውን ሲያገኟቸው «እማማ፣ ዘንድሮ እጄ አጥሮብኛል፤ ለእናታችን ያደረጉትን ግን አልረሳሁም፤ ሠርጉ እስኪያልፍ ጉልበቴ የእርስዎ ነው» ይበሏቸው። በሠርጉ ዕለት የቻሉትን ትንሽ ነገር ይስጡ፤ ስምዎ ይጻፍ፣ አይደበቁ። እሳቸውም ደብተር የሚይዙ ከሆነ፣ የእርስዎ ስም አጠገብ የሚጻፈው «ከዋዜማው ጀምሮ ነበረች» የሚል ይሆናል። እጅዎ ሲሰፋ ደግሞ ሌላ አጋጣሚ ይመጣል፤ የልጅ ልጅ ክርስትና አለ፣ ምርቃት አለ። ዘንድሮ ሁሉንም መጨረስ አይጠበቅብዎትም፤ እንዲያውም ባይጨርሱት ነው የሚሻለው።

ደጋሿ ይህን ሁሉ አድርገውላቸው «ይኼ ብቻ ነው እንዴ?» ቢሉስ? ያን ጊዜ ያወቁት ነገር ስለ እሳቸው ነው። አመስግነው፣ ሲችሉ ብሩን ሞልተው ይመልሱና ከዚያ በኋላ በሰላምታ ይኑሩ። እንዲህ የሚሉ ግን ጥቂት ናቸው፤ ለቅሶ ቤት ትልቅ ብር ይዞ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ማጣትን የሚያውቅ ሰው ነው።

ከእህትዎ ጋር መታረቅ ያለብዎት ከሠርጉ በፊት ነው። አንድ ከሰዓት ቡና አፍልተው ደብተሩን አብረው ይግለጡት። ብር ያመጡትን ለጊዜው ተዉአቸውና እንጀራ፣ ንፍሮ ወይም ሌሊት ብቻ የተጻፈባቸውን ስሞች ፈልጉ። አንዳንዶቹ አርጅተው ከቤት የማይወጡ ይሆናሉ። ልጅም ድግስም የሌላቸው፣ ስለዚህ ማንንም የሚጠሩበት አጋጣሚ የማያገኙ ይኖራሉ። ጎረቤትዎ ቢያንስ ሠርግ አላቸው፤ ጥሪያቸው ደርሶዎታል። እነዚህ ግን አይጠሩዎትምና በዚህ ሳምንት ከመካከላቸው አንዷን ሄደው ይጠይቋት።